ከመሪው ስር ያለችው ማብሪያ

ይኸውላችሁ፣ አባቴ ትቶልን የሄደውን አሮጌ መኪና አስነስቼ እናቴን ወደ መቃብሩ ስወስዳት፣ ኮልፌ 18 ማዞሪያ ላይ ሞተሩ ፈላ። መካኒክ ጠራን። ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን የራዲያተር ፋን በቀጥታ ከባትሪው ጋር ቢያገናኘው ዞረ። “ፋኑስ ደህና ነው” አለና ሽቦውን ተከትሎ ከመሪው ስር፣ ጉልበቴ አጠገብ፣ አንዲት ማብሪያ አገኘ። “ባለቤቱ በእጅ እንዲበራ አድርጎታል፤ ዳገት ላይ ማብራት ነበረብህ። አልነገረህም?”

“አባቴ ነበር፤ አርፏል” አልኩት።

እናቴ ማብሪያዋን ትኩር ብላ አየቻት። “ዳገት በጀመርን ቁጥር እጁን ወደ ጉልበቱ ይሰድ ነበር” አለች። “እኔ ጉልበቱን የሚያመው መስሎኝ ማታ ማታ በቅባት ሳሽለት ኖርኩ።”

ማብሪያዋን ልጫን የዘረጋሁት እጄ እላይዋ ላይ ቀረ።

“አንድም ቀን ‘አያመኝም’ አላለኝም” አለች።