ቦርሳ ተሸካሚው

ባለፈው ረቡዕ ዝናብ አባሮኝ ስፖርት አዳራሹ ብገባ፣ ጎረቤቴ አሰልጣኙ ከእህታቸው ልጅ ጋር ሲሟገቱ ደረስኩ። እሷ ስፖርት የተማረች ረዳታቸው ናት። ሃያ ዓመት የለፉበት የቅርጫት ኳስ ቡድን ቅዳሜ ከተሸነፈ ይበተናል። እኔም አስተማሪ ነኝና ክርክር ካየሁ እግሬ አይነሳም።

«ከምሰሶና ከጥይት አንዱን ተጠባባቂ ወንበር ላይ አስቀምጣለሁ፤ አንድ ቤት ለሁለት አባወራ አይበቃም» አሉ።

ሁለቱ ኮከብ አጥቂዎች ናቸው፤ አንዱ በቁመቱ፣ ሌላው በፍጥነቱ ስም ወጥቶላቸዋል።

«ጋሼ፣ ሁለቱም ያስፈልጉናል። በአሥራ አንድ ጨዋታ ስንት ጊዜ የተቀባበሉ ይመስልዎታል?»

«ምን አውቄ? መቶ?»

«አራት ጊዜ።»

«ወግጂ! አራት?»

የቆጠረችበትን ወረቀት አሳየችን። እውነትም አራት! እኔ አፌን ያዝኩ።

«ጥፋቱ የቦርሳው ሕግ ነው» አለች። ሕጉ የአሰልጣኙ ነው፤ ከሁለቱ ያነሰ ነጥብ ያስቆጠረው የሌላውን ቦርሳ ሳምንቱን ሙሉ ይሸከማል።

«ተዪ እንጂ! ሰው ካልተቀናና መቼ ይሠራል?»

ይህን ሲሉ ልጆቹ ከመልበሻ ክፍል ወጡ። ምሰሶ ሁለት ቦርሳ ተሸክሟል፤ ጥይት እጁን ኪሱ ከቷል።

«ና እስቲ ጥይት» አለች። «እሁድ በአንድ ነጥብ ስንሸነፍ፣ ኳሷ በመጨረሻ አንተ እጅ ነበረች። ምሰሶ ቅርጫቱ ሥር ብቻውን ቆሞ ነበር። አላየኸውም?»

«አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ?»

አንገቱን ደፋ። «በአንድ ነጥብ እበልጠው ነበር። ባቀብለው ኖሮ ዛሬ ተሸካሚው እኔ ነበርኩ።»

ክው አልኩ። አሰልጣኙ ከወንበራቸው ተነሱ።

«ለቦርሳ ብለህ? ቡድኑን ለቦርሳ?»

«ሕጉ የእርስዎ ነው እኮ፣ ጋሼ።»

ወይ ጉድ! ተማሪዎቼን በውጤት ደረጃ አሰልፌ የማስቀምጠው እኔም መደበቂያ አጣሁ። ልጅን ከጓደኛው እንዲበልጥ ብቻ ስናስተምረው፣ አብሮ መውደቅን አስተማርነው ማለት ነው። ልጅቷ ግን አልጮኸችባቸውም።

«ጋሼ፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ያስቆጠረ ብቻ ሳይሆን ያቀበለም ይመስገን። የሁለቱ ቅብብል በአንድ ጨዋታ ከሃያ ካነሰ ደግሞ ቦርሳቸውን ሁላችንም እንሸከም።»

ሽማግሌው ወረቀቷን እንደገና አይተው፣ «እሺ፣ ልጄ። አጥፍቻለሁ» አሉ። እኚህ ሰው «አጥፍቻለሁ» ሲሉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ቅዳሜ ቅብብሉ ሃያ ሦስት ደረሰ። በአንድ ነጥብ እየተመራን፣ ሊያልቅ ሲል ኳሷ ዳግም ጥይት እጅ ገባች። ምሰሶ ዳግም ብቻውን ነበር። ሰጠው! ምሰሶም አስገባት፤ ቡድኑም ከመበተን ዳነ። ያቀበለው ካገባው ይበልጥ ሲዘል አየሁ፤ እኔም ሰኞ የተማሪዎቼን አቀማመጥ ቀየርኩ።

ያን ቅዳሜ ከጨዋታው በኋላ አዳራሹ ባዶ ሲሆን፣ አሰልጣኙ የሁለቱን ልጆች ቦርሳዎች በሁለት ትከሻቸው አንጠለጠሉ።

«ጋሼ፣ ሃያ አልፈናል እኮ! ያስቀምጡት» አለ ጥይት እየሮጠ።

«ተወኝ» አሉ። «ምን ያህል እንደሚከብድ ልወቀው።»