የአራሚዋ የመጨረሻ እርማት

እህታችንን ልትሸኙ የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ ይህን የማነብላችሁ ታላቅ እህታቸው ነኝ። እቤት ውስጥ «አንቺ» እያልሁ ያሳደግኋቸውን ዛሬ «እርሳቸው» የምላቸው ደንቡ ስለሆነ ነው፤ እርሳቸውም ደንብ አክባሪ ነበሩና አይቀየሙኝም።

ልብስ ሰፊ ከነበሩት እናታችንና የማተሚያ ቤት ዘበኛ ከነበሩት አባታችን የቤቱ መካከለኛ ልጅ ሆነው ተወለዱ። አባታችን ከሥራ ሲመለሱ የተበላሹ የሕትመት ወረቀቶችን ይዘው ይመጡ ስለነበር፣ እህታችን ማንበብን የለመዱት ትምህርት ቤት ሳይገቡ፣ መስመራቸው ከተዛባና ቀለማቸው ከፈሰሰ ገጾች ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስሕተት አይቶ ማለፍ አይሆንላቸውም ነበር።

ሁለተኛ ደረጃን እንዳጠናቀቁ እዚያው ማተሚያ ቤት በአራሚነት ተቀጥረው፣ የማሽኖቹ ድምፅ ግድግዳውን በሚያንቀጠቅጠው ጠባብ ክፍል ውስጥ ቀይ እስክሪብቶ ይዘው እስከ ጡረታ አገለገሉ። የአውቶቡስ ሾፌር የሆኑትን ባለቤታቸውን ያወቋቸው በየማለዳው ሲሳፈሩ ሲሆን፣ በአውቶቡሱ በር ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ስላረሙባቸው ተኳርፈው ሰንብተው፣ ኋላ ታርቀውና ተጋብተው ሁለት ሴቶች ልጆችን አፍርተዋል።

በሰፈሩ ሰው ባረፈ ቁጥር ዜና ሕይወቱ ለእርማት የሚመጣው ለእርሳቸው ነበር። «ድንገት ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» የምትለው ላይ ሲደርሱ እስክሪብቶውን አስቀምጠው፣ «ሦስት ዓመት ሲያስለው የኖረ ሰው ምኑ ነው ድንገት?» እያሉ ይነጫነጩ ነበር፤ ሐዘንተኛ እንዳይቀየም ብለው ግን ሳይሰርዙ ይመልሱት ነበር።

ከዚያ እርሳቸውንም ያስላቸው ጀመር። ሲጋራ በአፋቸው ዞሮ ስለማያውቅ መጀመሪያ ጉንፋን ተባለ፤ ቀጥሎ አለርጂ ተባለ፤ ቀጥሎም የአክታ ምርመራቸው ምንም ሳያሳይ የቲቢ መድኃኒት ታዘዘላቸው፤ እኛም ማር በሎሚ እያጠጣን ጊዜውን በላነው። የሳንባ ካንሰር የአጫሽ በሽታ ብቻ ነው ማለት የሐኪም ቤቱንም የቤተሰቡንም ዐይን ጋርዶ ነበር። ጀርባቸውን ማመም ሲጀምራቸው ነው ራጅ ተነሥተው፣ ከሳንባቸውም በመርፌ ናሙና ተወስዶ እውነቱ የታወቀው። ሐኪሟ እንዳስረዱን፣ ይህ ከሳንባ ካንሰሮች ሁሉ በብዛት የሚታየው፣ አጭሰው የማያውቁትንም የሚይዘው ዓይነት ነው፤ በጊዜ ቢደረስበት ኖሮ የታመመውን የሳንባ ክፍል ቆርጦ ማውጣት ይቻል ነበር፤ እንደ እርሳቸው አጥንት ላይ ከደረሰ በኋላ ግን ማቆየት እንጂ ማዳን አይቻልም። ይህን የሰማሁ ቀን የተሰማኝ ሐዘን አልነበረም፤ ንዴት ነበር፤ እስከ ዛሬም አልበረደልኝም።

ናሙናው ዳግመኛ ሲመረመር በዕጢው ላይ አንድ የዘረመል ለውጥ ስለተገኘ፣ ያ ለውጥ ላለባቸው ብቻ የሚሠራውን ኪኒን በየቀኑ ይውጡ ጀመር። ፊታቸው ሽፍ አለ፣ የጥፍራቸው ዙሪያ ቆሰለ፣ ሳሉ ግን ጠፋላቸው፤ ደረጃውንም ሳያርፉ መውጣት ቻሉ። ዓመት ካለፈ በኋላ ካንሰሩ ኪኒኑን ተላመደና ተመለሰ፤ በደም ሥር የተሰጣቸው ኬሞም የጨረሰው የእርሳቸውን ጉልበት ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሊጠይቋቸው የመጡ ሰዎች ወንበሩ ላይ ሳይደላደሉ «ያጨሱ ነበር እንዴ?» ይሉ ነበር። «ተደብቃ ታጨስ ኖሯል» ብለው ያወሩም አሉ፤ ዛሬ ከፊት ቆመው እያለቀሱላቸው ነው።

አልጋ ላይ ከዋሉ በኋላ እህታችን አንድ ነገር አስማሉኝ፤ በዜና ሕይወታቸው «ድንገት» የምትባል ቃል እንዳትገባ፣ ሕመማቸውም በስሙ እንዲጠራ። መካኒክ የሆኑት ታናሽ ወንድማችን ግን ትናንት ይህን ጽሑፍ አይተው፣ «ሰው ምን ይላል? ልጆቿንስ ማን ያገባቸዋል?» እያሉ የሕመሙን ስም ከጽሑፉ እንዳወጣው ለመኑኝ። ሲለምኑኝም ሳል እያቋረጣቸው ነው። ከክረምቱ ጀምሮ እንዲህ ናቸው፤ የጋራዥ አቧራ ነው ይላሉ፤ እህታችን በመጨረሻ አቅማቸው ተመርመር እያሉ ሲወተውቷቸው መልሳቸው «እኔ እኮ አላጨስም» ነበር።

እንግዲህ እህታችን ለዓመታት ሲያስላቸው ኖሮ፣ ዘግይቶ በታወቀ የሳንባ ካንሰር፣ በተወለዱ በስልሳ ሦስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተውናል። የተዉትም ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን፣ እኔን ታላቅ እህታቸውንና እስካሁን ያልተመረመሩ አንድ ታናሽ ወንድማቸውን ነው።

አምላክ የእህታችንን ነፍስ በሰላም ያሳርፍልን። ወንድማችንንም ነገ ጠዋት ከጋራዡ በፊት ወደ ሐኪም ቤት ይምራልን፤ የእርሳቸውን ዜና ሕይወት የሚያርምልን ሰው ከእንግዲህ የለንም።