የተቃጠለውን ሰሌዳ የሣልኩት እኔ ነኝ

ክቡራትና ክቡራን፣ የተቋማችን ዳይሬክተር ባሽሙሀንዲስ ሹክሪ፣ የወርክሾፑ ባልደረቦቼ፣

ከንድፍ ክፍል እስከዚህ ድረስ ወንበር ተሸክማችሁ ስላመጣችሁልኝ አመሰግናችኋለሁ። ሳኒያንም ስለ አበባው አመሰግናታለሁ። የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊያችን ሳኒያ ያለ ፊርማ አንዲት ብሎን እንኳ ከመጋዘን አስወጥታ አታውቅም። ዛሬ ጠዋት አበባውን ስትሰጠኝ እስክሪብቶ ፍለጋ እጄን ወደ ቦርሳዬ ብሰድ፣ «አብላ፣ ለዚህ አይፈረምም» አለችኝ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ጠብቄ የሰማሁት ቃል ነው።

ንግግሬን በወረቀት ጽፌዋለሁ። ከወረቀቱ ቀና ሳልል ባነብ የመለያየት ኀዘን አይምሰላችሁ። ፈርቼ ነው።

እንደ ታላቅ እኅት «አብላ» የምትሏትን አለቃችሁን ኢግላልን ደግሞ ምን ያስፈራታል ትሉ ይሆናል። እስከ ዛሬ የምትፈሩኝ እናንተ ነበራችሁ፤ አውቀዋለሁ። በረንዳው ላይ የጫማዬን ኮቴ ስትሰሙ ሬዲዮውን ስታጠፉ፣ የሻይ ብርጭቆ ከሥራ ጠረጴዛ ስር ስትደብቁ እሰማ ነበር። ዛሬ ተራው የእኔ ነው።

የሚያስፈራኝን ሳላድበሰብስ ልንገራችሁ። የፊታችን እሑድ ኮሚቴው ተቀምጦ በእኔ ቦታ የወርክሾፑን ኃላፊ ይመርጣል። የጥቅለላ ክፍላችን ባለሙያ ኡስታ ዋጊህ በዕጩዎቹ ዝርዝር ውስጥ የለም። ከዝርዝሩ ያስወጣው በሥራ መዝገባችን ገጽ ሰባ አራት ላይ በእኔ እጅ የተጻፈ አንድ መስመር ነው። ያ መስመር ሐሰት ነው። በደንባችን መሠረት መዝገብ የሚያርመው የጻፈው ሰው ብቻ ነው፤ እርማቱም የሚጸናው የዳይሬክተሩ ማኅተም ሲያርፍበት ነው። እኔ ደግሞ የዚህ ተቋም ሠራተኛ የምሆነው እስከ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ነው። አሁን ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

ለአዲሶቹ ስል ከመጀመሪያው ልጀምር።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የከተማው ትምህርት ቤቶች ለአዳራሾቻቸው አምፕሊፋየር ፈለጉ። ከውጭ ከሚገዛ እኛ እንድንሠራላቸው ተስማማንና አንድ ናሙና ጀመርን። ያኔ ይህ ወርክሾፕ የሌሎችን ዕቃ መጠገን ብቻ አልነበረም ሥራው፤ ይሠራ ነበር። የመዳብ ሰሌዳውን ንድፍ የሣልኩት እኔ ነኝ። ኤሌክትሪኩ የሚሄድባቸውን መስመሮች በጥፍር ቀለም መዳቡ ላይ እሥላለሁ፤ ሰሌዳው ቡናማው አሲድ ውስጥ ይገባል፤ አሲዱ ቀለም ያልነካውን መዳብ ሁሉ ይበላል፤ የተሣለው መንገድ ይቀራል። ከዚያ ቀዳዳ ይበሳል፣ ዕቃው ይተከላል፣ ይበየዳል። የበየደው ኡስታ ዋጊህ ነበር። በዚያ ዘመን ከእሱ የተሻለ እጅ አልነበረንም። የእሱ ብየዳ እንደ ዓሣ ዐይን ያበራል እንባባል ነበር።

የመጀመሪያ ማብራት እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። አዲስ የተሠራ ነገር ሁሉ በቅድሚያ ከመቶ ዋት አምፖል ጋር ተያይዞ ይበራል። አምፖሉ ደምቆ ከቀረ ውስጡ ችግር አለ፤ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ደኅና ነው። ሁሉም ሥራውን ትቶ ዙሪያውን ይቆማል፤ እስኪደበዝዝ ማንም አይናገርም። በዚያ ቀን አምፖሉ ብልጭ ብሎ ደበዘዘ። ሳኒያ እልል አለች። እኔም፣ ይቅር በይኝ ሳኒያ፣ «ይህ የሥራ ቦታ ነው» ብዬ ተቆጣሁሽ።

በሳምንቱ አምፕሊፋየሩን በአንድ የሴቶች ትምህርት ቤት አዳራሽ ተከልነው። ርእሰ መምህርቷ ንግግር ጀመሩ። ድምፁ የጠራ ነበር። ሃያ ደቂቃ ያህል እንደተናገሩ ስፒከሩ አንዴ ጓ አለና ዝም አለ። ከዚያ ጭስ ታየ፤ ልጃገረዶቹ ሳል በሳል ሆኑ። ሥራው በሙሉ ተሰረዘብን።

ወርክሾፕ ተመልሰን የሆነውን ሁላችሁም አታውቁም። እኔና ዋጊህ ብቻችንን ነበርን።

«ብየዳህ ነው፤ ሲሞቅ ተላቅቋል» አልኩት።

«ብየዳዬ እንኳ አይደለም፣ አብላ። የትናንሾቹ ትራንዚስተሮች ነገር አልጣመኝም። አተካከላቸው በንድፉ ላይ እንደተሣለው ነው፤ ግን የዚህኛው ፋብሪካ ሥሪት እግሩ በሌላ ተራ የተደረደረ ይመስለኛል። አብሮት የመጣውን ወረቀት አውጥተን እንየው።»

«ወረቀቱ እኔ ነኝ» አልኩት።

እንዲህ ነው ያልኩት። ቃሉን አላሳመርኩም፣ አልቀነስኩም።

ከሂሳብ ክፍልና ከመዝገብ ቤት ለመጣችሁት ላስረዳ። ትራንዚስተር ማለት ከባቄላ ያነሰ፣ ባለ ሦስት እግር ጥቁር ነገር ነው። ሁለት ፋብሪካዎች መልኩ አንድ የሆነ ትራንዚስተር ይሠራሉ፤ መካከለኛው እግር በሁለቱም አንድ ነው፣ የግራና የቀኙ ግን ይገለባበጣሉ። የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚናገር ወረቀት አብሮ ይመጣል። እኔ የቀድሞውን ፋብሪካ በቃሌ አውቀው ስለነበር በቃሌ ሣልኩ። ሳኒያ ያስገባችው ግን የአዲሱን ነበር። ወረቀቱ በመሳቢያዬ ውስጥ ነበር። መሳቢያውን አልከፈትኩም።

አምፖሉስ ለምን አላሳየንም? የተገለበጠ ትራንዚስተር ወዲያው አይሞትም። እየደከመ ይሠራል። ሞቆ፣ ድምፁ ከፍ ብሎ፣ ብዙ ሲጠየቅ ነው የሚከዳው።

እኔም ያን ዕለት በገጽ ሰባ አራት ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «የጥፋቱ ምክንያት፣ የኡስታ ዋጊህ የብየዳ ግድየለሽነት።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ዋጊህ ብየዳ አልነካም። ከጓሮ ባለችው ክፍል የትራንስፎርመር ሽቦ ሲጠቀልል አሥራ አንድ ዓመት ተቀመጠ። የሚጠቀልል ሰው ዙሩን ይቆጥራል፤ ስለዚህ ማንም አያናግረውም። እሱም ማንንም አላናገረም።

ይህን ሁሉ እንዴት አወቅሽ ትሉኛላችሁ።

ጡረታዬ ሲቃረብ ለቤቴ አንድ አምፕሊፋየር ልሠራ አሰብኩ። ለሰው ስሠራ ኖሬ ለራሴ አንድም የለኝም። የድሮውን ንድፍ ከመሳቢያ አወጣሁ፤ ያማረ ንድፍ ነው፣ እኮራበት ነበር። ትራንዚስተሮቹን አታሪን ገበያ ካሉ ሻጮች አገኘሁ፤ ያው የዚያን ጊዜዎቹ ናቸው። አብራኝ የምትኖረው እኅቴ ኒማት ቀዩን የጥፍር ቀለም እጄ ላይ ስታይ፣ «በስልሳ ዓመትሽ ተሽቀረቀርሽ?» አለችኝ። ማታውኑ ደግሞ መታጠቢያ ቤት ገብታ ጮኸች።

«ይሄ ገንዳ ነው ወይስ ሰምጦ የዛገ መርከብ?»

«አሲዱ ነው፤ ይለቃል» አልኳት።

«ስለ ምንጣፉም እንዲሁ ብለሽ ነበር።»

ትራንስፎርመሩን እንዲጠቀልልልኝ ዋጊህን ጠየቅሁት። ለራሴ ነው ማለት አፍሬ፣ «ለአንድ ዘመድ ነው» አልኩት። በሁለት ቀን ሠርቶ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ።

«ዘመድዎ አምፕሊፋየሩን ቀስ ብሎ ያሙቀው፣ አብላ» አለኝ። ወዲያው ወደ ጥቅለላው ተመለሰ።

አምፖሉን አያያዝኩ፤ ብልጭ ብሎ ደበዘዘ። ኒማት ካሴት አስገባች። ከሰዓት በኋላ ነበር፣ መስኮቱ ክፍት፣ ከታች ትራሙ ያልፋል። ድምፁ እንደዚያ ጊዜው የጠራ ነበር። ሃያ ደቂቃ ያህል ሰማን። ከዚያ ስፒከሩ አንዴ ጓ አለና ዝም አለ። ጭሱን ገና ሳላይ ሽታውን አወቅሁት።

ዋጊህ አልበየደውም ነበር። የበየድኩት እኔ ነኝ። እያንዳንዱን ነጥብ በአጉሊ መነፅር አየሁ፤ አንድም የተላቀቀ የለም። ከዚያ ትራንዚስተሩን ነቀልኩና የፋብሪካውን ወረቀት ከመሳቢያው አወጣሁ። አሥራ አንድ ዓመት ታጥፎ በመቀመጡ በእጥፋቱ ላይ ሊቀደድ ደርሶ ነበር። የግራው እግር በቀኙ ቦታ፣ የቀኙ በግራው። በንድፉ ግርጌ ፊርማዬ አለ። ከተቃጠለው አምፕሊፋየር ሳይነካ የተረፈ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዋጊህ የጠቀለለው ትራንስፎርመር።

ይህ ከሆነ አሥራ ስድስት ቀን ነው። አሥራ ስድስት ቀን በየማለዳው ወደዚህ መጣሁ፣ ከጓሮዋ ክፍል በር ፊት አለፍኩ፣ አልገባሁም። ኒማት፣ «ምን ሆነሻል? የምትበይው አንድ ማንኪያ ፉል፣ ሌሊት የምታገላብጪው ግን ሙሉ ፍራሽ» አለችኝ። ነገ እናገራለሁ እል ነበር። የዕጩዎቹ ዝርዝር ሲለጠፍና የዋጊህ ስም ሲታጣ ግን ነገ የሚባለው አለቀብኝ።

ዛሬ ጠዋት እርማቱን ይዤ ባሽሙሀንዲስ ሹክሪ ዘንድ ገባሁ። እርሳቸው ደግ ሰው ናቸው፤ የሽኝት ቀኔ እንዳይበላሽ አስበው ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የላቸውም ብዬ አምናለሁ።

«አብላ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ነገር ነው። ዛሬ ደስ ብሎን እንሸኝዎት። ለኮሚቴው እኔው በቃል እነግራቸዋለሁ።»

«እኔ የጻፍኩት በቀለም ነው። በቀለም ይታረም» አልኳቸው።

«ማኅተሙ እኮ ጸሐፊዋ ዘንድ ነው።»

«ጸሐፊዋስ?»

«እርስዎን ለመሸኘት ወንበር ተሸክማ ሄዳለች።»

ስለዚህ እዚሁ ላነበው ወሰንኩ። በልጅነቴ በትምህርት ቤት ያስተማሩን መነኮሳት ስሕተት በአንድ ቀጭን መስመር ይሰረዛል እንጂ አይፋቅም፤ ከስሩ ያለው መነበብ አለበት ይሉ ነበር። የፋቀች ልጅ ጣቷን በማስመሪያ ትመታ ነበር። እኔም አልፋቅሁም። በመስመሩ ላይ አንድ ጊዜ አስምሬ ከጎኑ እንዲህ ጽፌያለሁ፦

«የኡስታ ዋጊህ ብየዳ እንከን አልነበረበትም። ሰሌዳው ሲሣል የትራንዚስተሮቹ ሁለት እግሮች ተገለባብጠዋል። ሣዪዋ እኔ ነኝ። ኡስታ ዋጊህ በዕለቱ ትክክለኛውን ምክንያት ነግሮኝ ማስረጃው እንዲታይ ጠይቆ ነበር፤ የከለከልኩት እኔ ነኝ።»

መጀመሪያ «በስሕተት ወንጅዬዋለሁ» ብዬ ነበር፤ «በስሕተት» የምትለዋን ቃል ሰረዝኳት። የእግሮቹ መገልበጥ ስሕተት ነው፤ በማንም ይደርሳል። እንየው ሲለኝ እምቢ ማለቴ ግን ስሕተት አልነበረም። እንዳይሆንብኝ ፈርቼ ነበር። ሴት ኃላፊ ያኔ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ አንድ ጊዜ ከተሳሳትኩ የሚሉትን አውቅ ነበርና የሚሉትን በእሱ ላይ አስባልኩ።

ኡስታ ዋጊህ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነህ፤ አያለሁ። አትነሣ።

አሁን ይቅርታ ብጠይቅህ የምትለውን አውቀዋለሁ። ይህ ሁሉ ሰው እያየህ፣ «ግድ የለም፣ አብላ» ትላለህ። አሮጊት በሰው ፊት ስትለምን በእኛ አገር ሌላ መልስ አይሰጥም። ስለዚህ እዚህ አልጠይቅህም። አንድ ጊዜ ሐሳብህን ከአፍህ ነጥቄሃለሁ፤ ሁለተኛ አልነጥቅህም። እሑድ ኮሚቴው ሲጠራህም ቦታውን አልፈልግም ማለት መብትህ ነው። እኔ የምመልስልህ ስምህን እንጂ ሥራ መምረጥ የእኔ አይደለም። ከዚህ ስንጨርስ ወደ ጥቅለላ ክፍል እመጣለሁ። ብቻችንን እንሆናለን። እየቆጠርክ ከደረስኩ እስክትጨርስ በሩ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። እዚያ እምቢ ልትለኝ ትችላለህ። ብትለኝ ለማንም አልናገርም፤ እናንተም አትጠይቁት።

ወዳጆቼ፣ በቁጣዬ ያስቀየምኳችሁ ብዙ ናችሁ፤ ስትደፍሩ ቤቴ ኑና ንገሩኝ። ሳኒያ፣ ፈጣሪ ጉልበትሽን ያበርታልሽ፤ እልልታሽንም ማንም አይከልክልሽ። በጡረታ ደጃፍ ላይ ላላችሁት ጤና፣ ገና ለጀመራችሁት ትዕግሥት ይስጣችሁ። የምትሠሩት ነገር ሞቆ የሚጸና ይሁን። ይህ ወርክሾፕ እንደገና የራሱን ዕቃ ሠርቶ ለከተማው ያሰማ። ከአለቃችሁ ጋር ተከራክራችሁ በሰላም ወደ ቤታችሁ የምትገቡበት ቤት ያድርግላችሁ።

አሁን ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ነው። መዝገቡ እዚህ ጠረጴዛው ላይ ክፍት ነው፣ ፊርማዬም ደርቋል። ባሽሙሀንዲስ ሹክሪ፣ ጸሐፊዋ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣለች፤ ማኅተሙን ታምጣልን። ሻዩን እናንተ ጀምሩ። እኔ ማኅተሙ እስኪያርፍ አልቀመጥም።