ጀርባው ያልታየ ታማሚ

እንዴት ዋልሽ የኔ እህት? ልጆቹ ደህና? እስቲ ከጥላው ስር አረፍ በይ። ወደ ጎረቤታችን ቤት እንደምትሄጂ አውቃለሁ፣ አላቆይሽም።

አጥሬን አየሽልኝ? አዎ፣ ቅጠሉ ቡናማ ሆነ... ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በገዛ እጁ የተከለው የአበባ አጥር። ስንቱን ያስታመምኩ ነርስ፣ ጡረታ ብወጣ አንድ ቁጥቋጦ ያሸንፈኝ? መጀመሪያ ውሃ ጠምቶት ነው አልኩ። ጠዋት ማታ ባጠጣው ባሰበት። በዝቶበት ነው ብዬ ከለከልኩት። ቀጥሎ ፀሐይ ነው ብዬ አሮጌ አንሶላ አለበስኩት፤ መንገደኛው ልብስ ያሰጣሁ እየመሰለው ያልፋል። ግንባሩን ዳብሶ ትኩሳቱን መለካት ብቻ ነው የቀረኝ።

ሰው ግን እንደ እኚህ ጎረቤታችን ንጹሕ ይሁን። በረንዳቸውን አይተሻል? ወለሉ ፊት ያሳያል። በየማለዳው በበረኪና ነው የሚያጥቡት፤ እኔ ሰነፏ በበረኪናው ሽታ ነው የምነቃው። ያን ሁሉ ባልዲ ውሃ የት ይደፉታል? እኔ ምን አውቄ... ደግሞ አሳቢነታቸው! የቅጠሉ ጫፍ ገና ሲነካ ቀድመው ያዩት እሳቸው ናቸው። «የደረቀ ነገር ምን ያደርግልሻል፣ ይነቀል፤ ለመኪናዬም ማለፊያ ይሰፋል» አሉኝ፣ ለኔ ድካም አዝነው። እንዲህ ያለ ጎረቤት ከየት ይገኛል?

ትናንት አንሶላውን ላነሳ በወዲያ፣ በእሳቸው በረንዳ በኩል ዞርኩልሽ። ለካ በኔ በኩል የሚታየው ትንሹ ነው፤ በዚያ በኩል ከስሩ ጀምሮ ነዷል። አፈሩ ነጣ ብሎ እንደ ሆስፒታል ኮሪደር ይሸታል። አፈርኩ። የተኛን ታማሚ አገላብጦ ጀርባውን ማየት እኮ የነርስ የመጀመሪያ ትምህርቷ ነው፤ ለጀማሪዎቹም የማስተምረው እኔ ነበርኩ... እዚህ ፊት ፊቱን ሳባብል ከረምኩ። አልደብቅሽም፣ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከባሌ እጅ የቀረኝ ይኸው ነው፤ እኔ ቆሜ አይነቀልም።

በማንም አላመካኝም፤ ሞኝነቱ የኔ ነው። በይ ሂጂ፣ ይጠብቁሻል። ጫማሽን ጥረጊ፣ ወለላቸው እንዳይቆሽሽ። ሰላም በይልኝ፤ መርቃዎታለች በያቸው። እግዜር ዕድሜና ጤና ይስጣቸው... ሲያረጁም፣ አልጋ ላይ ሲውሉም፣ እሳቸው አጥሬን እንደተንከባከቡት አድርጎ የሚንከባከባቸው ሰው አያሳጣቸው።