የመሃል እግር

(ቅዳሜ፣ መጋቢት 9 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ። ሆሳዕና ከተማ ዳር፣ ትናንት ማታ ባረፉት በአናጢው በአቶ ሱላሞ ጓሮ፤ ባለቤታቸው ወ/ሮ አመረች እና የሟቹ ታናሽ ወንድም ኤርሲዶ።)

ኤርሲዶ፦ እትዬ፣ እባክዎ እሺ ይበሉኝ። ሁለት ፕሮግራም ይሁን። የነባሩ አጥቢያ ሰዎች ስድስት ሰዓት ላይ ይጸልዩ፤ እኛ ደግሞ ስምንት ሰዓት ላይ።

አመረች፦ በመሃሉ ሬሳው ምን ይሥራ? ምሳውን ይብላ?

ኤርሲዶ፦ እትዬ!

አመረች፦ ጠየቅኩህ እኮ። ወንድምህ የሞተው አንድ ጊዜ ነው። ሁለት ጊዜ የምሸኝበት አቅም የለኝም።

ኤርሲዶ፦ ቀብሩማ አንድ ነው። ጸሎቱና ዝማሬው ነው ሁለት ቦታ የሚሆነው። ከሽማግሌያቸው ከሀቢሶ ጋር በስልክ ተነጋግረን የተስማማነው በዚህ ብቻ ነው።

አመረች፦ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላም አትባባሉም። ለመለያየት ሲሆን ስልኩ ሠራላችሁ?

ኤርሲዶ፦ ምን ላድርግ? የእኛ ሰዎች ከእነሱ ጋር አንድ ድንኳን ውስጥ አንቀመጥም አሉ። የእነሱም መዘምራን ከእኛ ጋር አንቆምም ብለዋል።

አመረች፦ «የእኛ ሰዎች» የምትላቸው እነማን ናቸው? አየለች ናት? ልጇ ሲታመም ሐኪም ቤት አብሬያት የከረምኩት እኔ ነኝ። ማቲዎስ ነው? ሠርጉ የተደገሰው እዚሁ የቆምክበት ላይ ነው። ወይስ አንተ ነህ? እዚህ ቤት ሙሽራ ሆኜ ስገባ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርክ፤ ማነው ያሳደገህ?

ኤርሲዶ፦ እርስዎ ነዎት። ማን ካደ? ግን ያ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ምርጫ በትክክል ቢካሄድ ኖሮ…

አመረች፦ ደግሞ ምርጫው! በአራት ድምፅ ተሸነፍክ፤ መቶ ሃምሳ ሰው ይዘህ ወጣህ፤ መንገድ ተሻግረህ የቆርቆሮ አዳራሽ ሠራህ።

ኤርሲዶ፦ ቆጠራው ልክ አልነበረም።

አመረች፦ እሺ፣ አልነበረም። አግዳሚ ወንበሩ ምን በደላችሁ?

ኤርሲዶ፦ እሱን ዛሬ አያንሱብኝ።

አመረች፦ ዛሬ ካልተነሳ መቼ ይነሳ? አሥራ ሁለት አግዳሚ ነው ሱላሞ የሠራው። ስድስት ስድስት ተካፍላችሁ አትሄዱም ነበር?

ኤርሲዶ፦ ስድስቱ ዋንዛ፣ ስድስቱ ባሕር ዛፍ ነዋ። ዋንዛውን ማን ይልቀቅ?

አመረች፦ ስለዚህ ሁሉንም ከወገቡ ቁረጥልን አላችሁት። ያንኑ የሠራውን ሰው።

ኤርሲዶ፦ እምቢ ማለት ይችል ነበር።

አመረች፦ እኔም እንደዚያ ብዬው ነበር። «እኔ እምቢ ካልኩ በመጥረቢያ ይፈልጡታል፤ ቢያንስ በደንብ ልቁረጠው» አለኝ። ያን ቀን መጥቶ ከነሰጋቱራው ተኛ። መጋዝ ይዞ ውሎ ሳይታጠብ ተኝቶ አያውቅም።

ኤርሲዶ፦ እኔንም ያን ቀን ደስ አላለኝም።

አመረች፦ ደስ ሳይልህ ድርሻህን በጋሪ ጭነህ ሄድክ። ባንድ በኩል እግር፣ ባንድ በኩል ጡብ! እነሱም ጡብ፣ እናንተም ጡብ። ከመንገዱ ወዲህና ወዲያ ሆናችሁ ጡብ ላይ ስትዘምሩ ሁለት ዓመት አለፈ።

ኤርሲዶ፦ ባለፈው እሑድ የእኛ አንዱ ተንሸራቶ ሦስት ሰው ወደቀ።

አመረች፦ እንዴ! ተጎዱ?

ኤርሲዶ፦ ኧረ ምንም አልሆኑ። ስብከቱ ስለ ጸንቶ መቆም ነበር።

አመረች፦ ሱላሞ ይህን ሰምቶ ቢሆን! በሳል እየተንፈራፈረም ቢሆን ይስቅልህ ነበር።

ኤርሲዶ፦ ይስቅ ነበር… ታሞ ሳለ አልገባሁም፣ እትዬ። ሦስት ጊዜ በሩ ድረስ መጥቼ ተመለስኩ።

አመረች፦ አራት ጊዜ ነው።

ኤርሲዶ፦ ያውቁ ነበር?

አመረች፦ እሱ ነው የሚያውቀው። አረማመድህን ይለየዋል። ልነሳ ስል «ኤርሲዶ ነው፤ ተይው፣ አታሳፍሪው፤ ሲችል ይገባል» ይለኛል።

ኤርሲዶ፦ ወይኔ ጋሼ! ወይኔ ወንድሜን!

አመረች፦ በቃ… በቃ፣ ዋርሳዬ። ሰው ሳይመጣ ሁለታችንም ድምፃችን ይዘጋል። ፊትህን ጥረግ።

ኤርሲዶ፦ እሺ። መቀመጫም የለም እኮ። የዕድሩ ወንበር ገበያው አጠገብ ሌላ ልቅሶ ቤት ነው ያለው። የእኛን ግማሽ አግዳሚዎች እንዲያመጡ ጋሪ ልኬያለሁ፤ እነሀቢሶም የእነሱን ያመጣሉ። ድንኳኑን ግራና ቀኝ እንከፍለዋለን።

አመረች፦ ድንኳኑንም በመጋዝ ነው?

ኤርሲዶ፦ እትዬ፣ ደክሞኛል።

አመረች፦ ለእኔ ነው ደከመኝ የምትለው? ና እስቲ። ያንን ማዳበሪያ ግለጠው።

ኤርሲዶ፦ የቱን? ከመሥሪያ ጠረጴዛው አጠገብ ያለውን?… ምንድን ነው ይሄ? እግር ነው። የአግዳሚ እግር ነው።

አመረች፦ ቁጠረው።

ኤርሲዶ፦ …አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት። ለእኛ ነው የሠራው? ወይስ ለእነሱ? ለሁላችን ካሰበ ሃያ አራት ነው የሚያስፈልገው፤ አሥራ ሁለቱ ይጎድላል።

አመረች፦ አናጢ ቤት አድገህ ይህን ማየት አቃተህ? ምንም አልጎደለም። የላዩን እየው።

ኤርሲዶ፦ ሰፊ ነው። መሃሉ ላይ በእርሳስ መስመር አስምሮበታል።

አመረች፦ ከመስመሩ ወዲህ የእናንተ ግማሽ ይቀመጣል፣ ከመስመሩ ወዲያ የእነሱ ግማሽ። አንዱን ብቻ ካስቀመጥክበት ይገለበጣል። የቆረጠም ቀን ሁለቱንም ግማሽ ከሥሩ በቁጥር ምልክት አድርጎበታል፤ የቱ የማን ጎን እንደሆነ እንዳይጠፋ።

ኤርሲዶ፦ እኛ ቁጥሩን የአዳራሽ ተራ መስሎን ነበር… ታሞ ነው ይህን ሁሉ የሠራው?

አመረች፦ እያሳለ። ተው ስለው «ይችን ብቻ» ይለኛል። ነገም «ይችን ብቻ» ነው። የመጨረሻዋ ሳትላግ ቀረች፤ እጅህን እንዳትወጋህ።

ኤርሲዶ፦ ታዲያ ለምን አልሰጠንም?

አመረች፦ ለማን ይስጥ? አንተ ከበር ትመለሳለህ። ሀቢሶ በዚህ መንገድ ማለፍ ካቆመ ዓመቱ ነው።

ኤርሲዶ፦ እውነትዎን ነው። ግን ሰዎቹን በአንድ ጠዋት እንዴት አድርጌ ላሳምን? ዛሬ ለየብቻ እንቅበረውና…

አመረች፦ ለየብቻ?

ኤርሲዶ፦ …ማለቴ፣ ቀብሩ ይለፍና ተሰብስበን እንወያይበታለን።

አመረች፦ ውይይታችሁን አውቀዋለሁ። እኔ እንግዲህ የመምከር አቅሙ የለኝም፤ እናንተን ስመክር አረጀሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ጋሪው ተነሥቷል?

ኤርሲዶ፦ ገና ነው። አሁን እየጫኑ ነው።

አመረች፦ ደውልላቸው። አግዳሚዎቹን ያምጡ፤ ጡቡን ግን እዚያው ይተዉት። ለነሀቢሶም ገና አንተ ሳትመጣ እንደዚያ ብዬ ልኬያለሁ።

(ቀብሩ በዚያው ቀን በዘጠኝ ሰዓት በአንድ ፕሮግራም ተፈጸመ። በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሲነሣ አግዳሚዎቹን ሊለያይ የመጣ ሰው አልነበረም።)