እድሩ ቀደመን

ጂንካ ያሉ ጠበቆችን "ለማኅበራችን እናዋጣ" እያልኩ ስዞር፣ ጋሽ ታደሰ የሚባሉ አንጋፋ ጠበቃ ሳቁብኝ። "እድሬን በየወሩ እከፍላለሁ፤ እሱ ይቀብረኛል። የእናንተ ማኅበር ምን ያደርግልኛል?" አሉ። ሌሎቹም ይህን ሰምተው እጃቸውን ሰበሰቡ።

ብዙም ሳይቆይ ጋሽ ታደሰ ለደንበኛቸው ሊከራከሩ ቆላ እንደወረዱ፣ ችሎት ደፍረዋል ተብለው ታሰሩ። ባለቤታቸው ደወሉልኝ። "ስኳር አለበት፤ እባክህ ማኅበሩ ቶሎ ጠበቃ ይላክለት።" የማኅበሩ ገንዘብ ለመኪና ኪራይ እንኳ አይበቃም። ጠበቆቹን አንድ በአንድ እስክለምን ቀናት አለፉ። በመጨረሻ ብቻዬን ተነሳሁ፤ መንገድ ላይ ወይጦ ስደርስ አስከሬናቸውን ከጫነው መኪና ጋር ተገናኘን።

ተከትዬው ጂንካ ስገባ የእድሩ ድንኳን ተተክሏል። ጠበቆቹ በሙሉ ቀድመውኝ ተቀምጠዋል። አንድም የቀረ የለም፤ እድር የቀረን ሰው ይቀጣል።