በምንጣፍ ላይ በረዶ የተማረ ሰው

ግቢ ሪንስከ፣ ግቢ፣ ዝናቡ አበሰበሰሽ እኮ። ብስክሌትሽን ከመስኮቱ ሥር አስጠጊያት። ሻይ ቀድቻለሁ። ብስኩትም ውሰጂ... ሁለተኛም ውሰጂ፣ እንደ እናቴ የብስኩቱን ቆርቆሮ ቶሎ አልከድንብሽም። የፌናን የበረዶ ሱሪ ጨርሼዋለሁ፤ ወገቡን አጠበብኩት፣ ቁመቱን ለቀቅ አደረግኩት። ልጅሽ መቼ እንዲህ ተመዘዘች? ትናንት ግድቡ ላይ ስትሮጥ አየኋትና ቁርጥ አንቺን መሰለችኝ፤ ከጓደኞቿ ሁሉ ኋላ፣ ግን እየሳቀች።

እንግዲህ በየካቲቱ ዕረፍት ኦስትሪያ ልትሄድ ነው። ከክፍል ጓደኞቿ ጋር፣ ለበረዶ ሸርተቴ፣ ለስኪ። ይዟቸው የሚሄደውም የአንዷ አባት... አዎ፣ ያ የድሮ ጓደኛችን መሆኑን ነግራኛለች። አንቺም ደስ ብሎሻል፣ ከፊትሽ ያስታውቃል። ደግሞስ ከእሱ የተሻለ ማን ይገኛል?

ሰውየው እኮ ስኪ የተማረው እንደ ሌላው ሰው በረዶ ላይ ተንከባሎ አይደለም። እዚሁ ከተማችን፣ አዳራሽ ውስጥ፣ ያ የሚሽከረከረው ትልቅ ምንጣፍ ላይ ነው። ታስታውሻለሽ? ምንጣፉ ሽቅብ ይዞራል፣ እሱ ቁልቁል ይንሸራተታል፣ አንድ ክንድ ሳይጓዝ ላብ በላብ ይሆናል። ፊት ለፊቱ መስታወት። እንዴት ያምርበት ነበር። መስታወቱን አንድም ቀን አስቀይሞት አያውቅም፣ ዓይኑን ከላዩ አያነሳም ነበር። ሰው ሲወድቅ ደግሞ አሠልጣኙ ምንጣፉን ያቆመዋል። ታዲያ ዞር ብሎ ማየትን ማን ያስተምረው? ጥፋቱ የምንጣፉ ነው።

እኛ የፌናን ዕድሜ አለፍ ብለን ወደዚያው ተራራ በሄድንበት ዓመት እንኳ ሕጉን ያወጣልን እሱ ነበር። መንገድ በሚለያይበት ሁሉ ቀድሞ የደረሰ ይቆማል፣ የመጨረሻው ሳይመጣ ማንም አይነቃነቅም። አነጋገሩ እንዴት ልብ ይሞላ ነበር። እኔ አፌን ከፍቼ ነበር የሰማሁት። ያኔ ትንሽ እወደውም ስለነበር ይሆናል... ተይው፣ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ፊቴ ቀላ አይደል?

የመጨረሻው ቀን ከሰዓት ላይ ደመናው ሲወርድ ሌሎቹ በሰፊው መንገድ ሄዱ። አንቺንና እኔን ግን በአቋራጭ አወርዳችኋለሁ አለ። አወረደንም፤ የእኛ ወዳልሆነው ሸለቆ። ይፈረድበታል? ምንጣፍ ላይ በየት በኩል ብትወርጂ የምትደርሺው እዚያው ነው። ወደ ላይ የሚመልሰው የገመድ ወንበር ቆሟል። አንቺም ወደቅሽ፤ ጉልበትሽ ዞረ፣ ጭንቅላትሽ ተመታ። ከዚያ በኋላ ያለውን የምታውቂው ከእሱ አፍ ነው።

ሲያወራውስ... በየልደቱ ክብ ሠርተን ተቀምጠን፣ ኬኩን ጭናችን ላይ ይዘን፣ «ጃኬቴን አውልቄ አለበስኳት፣ እንዳትተኛ እየዘፈንኩላት ቆየሁ» ሲል ያንቺ ዓይን እንባ ያቀራል። እኔ ኬኬን እበላለሁ። በየዓመቱ አንድ አንድ ዘፈን ይጨምራል። የማስታወስ ችሎታው የሚገርም ነው።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እንዲሁ ለማወቅ ያህል። ላይሽ ላይ የነበረው ጃኬት ምን ዓይነት ነበር?... ሰማያዊ። ክርኑ ላይ የተጣፈ። አዎ። እሱ የተጣፈ ልብስ ለብሶ ያውቃል? እናቱስ ትፈቅድለት ነበር? ከመካከላችን የተጣፈ የሚለብሰው ማን ነበር?...

ሻይሽ እየቀዘቀዘ ነው።

እኔ ምንም አላልኩም። እሱም ሥራ አልፈታም፤ እርዳታ ላምጣ ብሎ ሄደ። እንደዚያ ሲፈጥን አይቼው አላውቅም፣ መስታወቱ ፊት እንኳ። በረዶ የሚደለድለው ማሽን በአጋጣሚ በእኛ በኩል ባያልፍ ኖሮ... ሹፌሩ ጭኖን ወረደ፣ ከታች ካለው ምግብ ቤት ደጅም አቆመ። ስልክ ልለምን ስገባ የኛ ሰው ከምድጃው አጠገብ ቁጭ ብሏል፤ ያ ስኳር የሚነሰነስበት ቁርጥራጭ ፓንኬክ ቀርቦለታል። ለማንም አልተናገረም። ጨዋ ነዋ፣ ሰው እየበላ በመጥፎ ወሬ አይረብሽም። «ትንሽ ልሙቅና እነግራቸዋለሁ ብዬ ነው» አለኝ። ሳህኑንም ወደ እኔ ገፋ አደረገ። ስስት የሚባል አያውቅም።

ክሊኒክ ውስጥ ስትነቂ እጅሽን ይዞ የተቀመጠው እሱ ነው። ያ እውነት ነው፣ አልክድበትም። እኔ ከጎን ባለው ክፍል እግሬን ለብ ባለ ውሃ ነክረውልኝ ነበር። ጓንትሽ ጠፍቶ ካልሲዎቼን እጅሽ ላይ አጥልቄልሽ ስለነበር... በየበጋው «ምነው ክፍት ጫማ አታደርጊም» ትይኝ የለ? ያኔ ብርድ የበላቸው ሁለቱ የእግር ጣቶቼ ለማየት አይመቹም፣ ሌላ ምክንያት የለውም።

ለምን እስከ ዛሬ አልተናገርሽም አትበይኝ። ክፍል ውስጥ ጮክ ብዬ ሳነብ እንኳ ላብ የሚያጠምቀኝ ሰው ነኝ። አንቺ ደግሞ እሱን እያየሽ ፊትሽ በርቶ ነበር። ለአንቺ አዳኝ፣ ለእሱ የሚያወራው፣ ለእኔ ድፍን ጫማ... ሁላችንም የየድርሻችንን ይዘን ኖርን።

የፌና ነገር ግን... ልጅቷ ኋላ የምትቀር ናት። ያንን ሕግ ዘንድሮም እንደሚነግራቸው አልጠራጠርም፣ ደግሞ ያሳምረዋል። ትሂድ አልልሽም፣ አትሂድም አልልሽም፤ እናቷ አንቺ ነሽ። ብቻ ጃኬቷን አውልቃ የምታለብስ አንዲት ዓይናፋር ጓደኛ አብራት ትሄድ እንደሆነ ጠይቂያት።

ምነው ተነሳሽ? ስልክሽን ነው? ኮትሽ ኪስ ውስጥ ነው፣ ቆይ ላቀብልሽ። ለእሱ ነው የምትደውይው?... ደግ። ፌና እንደማትሄድ ስትነግሪው ቀስ ብለሽ ንገሪው፣ ሆደ ቡቡ ነው። ከእኔም ሰላምታ አቅርቢልኝ። ክፉ እንደማልመኝለትም ንገሪልኝ። ዕድሜ ይስጠው፣ ጉልበቱን ያጽናለት። ሰው ነውና አንድ ቀን እሱም ከተራራ ላይ ቢወድቅ፣ ደመናም ቢወርድበት፣ ፈጣሪ ብቻውን አይተወው። ከአጠገቡ ሰው አያሳጣው... ልክ እንደ ራሱ ያለ፣ መልካም ሰው።